የጋሽ አንዳርጌ ስንቅ

ጋሽ አንዳርጌ ማረፋቸውን የነገረኝ አያ ፈንቴ ነው። ፈንቴ ፍኖተ ሰላም ሳስተምር የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበር፤ አሁንም ነው። ወደ አዴት ተዛውሬ ከመጣሁ ወዲህ በወር አንዴ ይደውልልኛል። ያን ቀን ግን ሰላምታውን አስረዘመብኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ ተመልሶ ደግሞ ስለ ዝናቡ ጠየቀ። የጎጃም ሰው ዝናብን ሁለት ጊዜ ካነሳ ሌላ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው።

«በል አያ ፈንቴ፣ አውጣው» አልኩት።

«ጋሽ አንዳርጌ ዐረፉ» አለኝ።

ከዚያ ከአፌ የወጣውን ጥያቄ ሳስበው አሁንም አፍራለሁ፤ ነገር ግን እሳቸውን ያወቀ ሰው ሁሉ ያንኑ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

«ራታቸውን በልተው ነበር?»

«በልተው ነው እንጂ» አለኝ፣ ደህና ነገር እንደጠየቅሁት ሁሉ። «ሁለቴ ተጨምሮላቸው። በልተው፣ መርቀው፣ እጃቸውን ታጥበው ጋደም አሉ። በዚያው ቀሩ።»

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ፈንቴም በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት፤ ከዚያ ንፍጡን ጠረገ። ሞታቸው ከምግብ በፊት ቢሆን ኖሮ ግን ሁለታችንም ይቅር የምንለው አይመስለኝም።

ጋሽ አንዳርጌ የትምህርት ቤቱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ጠመኔ፣ ዳስተር፣ የፈተና ወረቀት፣ መጥረጊያ የሚወጣው በእሳቸው የብረት ፍርግርግ መስኮት ነው። አጠር ያሉ ናቸው፤ እግራቸው ቀጭን፣ ሆዳቸው ግን ከባለቤቱ ቀድሞ በር የሚገባ። ትከሻቸው ላይ ሁልጊዜ ፎጣ አለ። ለምን እንደማይለያቸው አንድ ቀን ብጠይቃቸው «የት እንደምበላ አላውቅማ» አሉኝ።

በመንግሥት ዕቃ ላይ ቆንቋና ነበሩ። ሁለት ጠመኔ ከጠየቅህ አንድ ተኩል ይሰጡሃል፤ ግማሹን ሰብረው ሲያቀብሉህ የሚያዩህ አስተያየት ሌባ ያደርግሃል። ምግብ ላይ ሲመጡ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ስለ ምግብ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ያደጉት ቡሬ አጠገብ ነው፤ የቡሬ የበቆሎ እሸት ከፍኖተ ሰላም እሸት በምን እንደሚበልጥ ለመስማት አንድ ሙሉ የዕረፍት ሰዓት ያስፈልግሃል፤ መጨረሻ ላይም ደወል ያድንሃል።

እኔ ከደብረ ታቦር ተመድቤ ስመጣ ማንንም አላውቅም ነበር። ከጾም ውጪ ባሉት ቅዳሜዎች ጋሽ አንዳርጌ፣ ፈንቴና የሒሳብ መምህሩ ሙሉቀን ብር ወንዝ ወርደው ዓሣ እንደሚያጠምዱ ሰማሁ። ሙሉቀን ጎረቤቴ ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ተከራይተናል። «ና እንጂ፣ ደሳለኝ» አለኝ። እኔም ባዶ እጅ መሄድ ነውር መስሎኝ ከሱቅ ሁለት ዳቦና አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን ገዝቼ መጣሁ።

ከመኪና ወርደን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጋሽ አንዳርጌ «እስቲ ምን ይዘሃል?» አሉኝ። ከፍቼ አሳየኋቸው። ሰርዲኑን አንስተው አገላበጡት፤ ላዩ ላይ የተሣለችውን ዓሣ ትክ ብለው አዩ፤ ከዚያ ወደ ወንዙ አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ።

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዘመዳቸውን በቆርቆሮ ከትተህ ለቅሶ ቤት ልትሄድ ነው?»

ሙሉቀን ሳቁን ለመያዝ ጀርባውን ሰጠኝ። ሰርዲኑ ከወንዙ ርቆ ዛፍ ሥር በቅጠል ተሸፍኖ ተቀመጠ፤ ዓሦቹ እንዳያዩት ተብሎ። ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንዲት ዓሣ አልነካችልንም። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ሁሉም አምኗል፤ እኔም ማመን ጀምሬ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ አንዳርጌ ተነስተው ኮታቸውን አራገፉና «እንግዲህ ካልመጡ አልመጡም፤ እስቲ ያንን ሬሳ አምጣው» አሉ። ሰርዲኑን ከፍተው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ ሚጥሚጣ ነስንሰው፣ ዘይቱን በዳቦ ጠርገው ለአራት አካፈሉን። እሳቸው እጅ ከገባ በኋላ ከሰርዲን የሚሻል ነገር ያለ አይመስልህም።

እሳቸው ራሳቸው መንጠቆ ይዘው አይቻቸው አላውቅም። «የሚያጠምድ ሞልቷል፤ የጠፋው የሚያበላ ነው» ይላሉ። አጥማጁ ፈንቴ ነበር፤ ሙሉቀንና እኔ ረዳቶች ነን ባዮች ነበርን። ጋሽ አንዳርጌ ጥላ ያለበት ቦታ መርጠው፣ ሦስት ጉልቻ ጎልተው፣ እንጨት በየውፍረቱ ለይተው ይጠብቃሉ።

ስለ ስንቅ የራሳቸው ትምህርት ነበራቸው። ወንዝ የሚወርድ ሰው ስንቁ ሦስት ነው ይላሉ፤ የመሄጃ፣ የመጠበቂያና የመመለሻ። የመሄጃው በሶ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ውዴ በማርና በዘይት ለውሰው ጭብጦ አድርገው ይሰጧቸዋል፤ እጅ አያቆሽሽም፣ እየሄዱ ይበላል። የመጠበቂያው ቆሎ ነው፤ ገብስና ሽምብራ፣ ትንሽ ሱፍ የገባበት። «ቆሎ የሚበላ ሰው ወሬ አያበዛም፤ ዓሣ ደግሞ ወሬ አይወድም» ይሉናል፤ ራሳቸው ግን አፋቸው በቆሎ ተሞልቶም ያወራሉ። የመመለሻው ዳቦ ነው። ዳቦው ከመኪና መንገዱ አጠገብ፣ ዳገቱ ካለቀ በኋላ ካልሆነ አይቆረስም። «ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ቤቱ ሲገባ ሚስቱን እንዳይቆጣ ሆዱ መሙላት አለበት።» 

ዓሣው እዚህ ውስጥ የለም። መጀመሪያ ሰሞን «ዓሣውስ ጋሽ አንዳርጌ?» ብዬ ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» አሉና ጥቂት አስበው «ዓሣ አለኝ በወንዝም እንደዚያው ነው» አሉኝ። ዓሣ ከመጣ በረከት ነው፤ ካልመጣ ማንም አይራብም። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል ከእሳቸው ጋር ዓሣ ማጥመድ ሄዶ የከፋው ሰው አይቼ የማላውቀው።

ዓሣ የመጣ ቀን ግን መታየት ያለባቸው ያን ጊዜ ነው። ፈንቴ አምባዛ ካወጣ ወዲያው ወደ ውኃው ይመለሳል፤ ቅርፊት የለውም፣ እኛ አገር አይበላም። ቅርፊታሙ ቀረሶ ከሆነ ግን ፎጣው ከትከሻ ይወርዳል። ትልልቁን ሁለት ጎኑን በቢላ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርገው፣ ጨውና በርበሬ አሽተው፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ረመጥ ውስጥ ይቀብሩታል። ከጎኑ ድንች ይቀብራሉ። ትንንሹ ለወጥ ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይቁላላል፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ ከዚያ ትዕግሥት። ዓሣው ከገባ በኋላ ማማሰያ ክልክል ነው፤ ይበታተናላ። ድስቱን በሁለት እጅ ይዞ ቀስ አድርጎ መወዝወዝ ብቻ። መጨረሻ ላይ መረቁን በማንኪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው፣ ልሰው፣ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ ማንም አይናገርም።

አንድ ጊዜ በጾም ወራት ዓሣ ይበላል አይበላም ተብሎ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ክርክር ተነሳ። ሊቃውንቱ በዙ፤ ጥቅስ ተወረወረ። ጋሽ አንዳርጌ በዚያ በኩል ሲያልፉ ጠየቅናቸው። «እኔ የሚያጣላ ምግብ አልበላም» አሉ። «ጾሙ ሲፈታ ጠብቄ፣ ሳልከራከር እበላዋለሁ።»

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን አመዳደባቸው ነው። ዓርብ ዓርብ በዚያች ፍርግርግ መስኮት እየተጠራን ድርሻችን ይነገረናል። አንዱ ሽንኩርት ብቻ፣ አንዱ ዘይት ብቻ፣ አንዱ ድንች ብቻ፣ አንዱ ጨው ብቻ። ከተነገረህ ሌላ ይዘህ ብትመጣ ይመልሱልሃል። መጀመሪያ ላይ የንብረት ክፍል አመል መስሎኝ ነበር። ኋላ ሙሉቀን ቢጠይቃቸው «ሙሉ አገልግል የያዘ ሰው ለብቻው ዞር ብሎ ይቀመጣል። ጨው ብቻ የያዘ ሰው የት ይሄዳል?» አሉት። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ሲጎድል፣ ወይም አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ሲመጣ አላየሁም። አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ልናገር የተነሳሁትም ስለዚያ ቀን ነው።

ከሙሉቀን ጋር ተጣልተን ነበር። እንዲህ ነው የሆነው። በአንደኛው ሴሚስተር መጨረሻ ግምገማ ነበረ፤ ሂስና ግለሂስ። እያንዳንዱ ሰው ስለ ጓደኛው ድክመት መናገር አለበት። ተራው የሙሉቀን ሲሆን ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ጎረቤቱ ነህ፣ ሂስ የለህም?» አለኝ። የለኝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ባዶ እጄን ላለመታየት «መምህር ሙሉቀን አንዳንድ ጊዜ ያረፍዳል» አልኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ ተጻፈ። ሙሉቀን ቀና ብሎ አየኝና ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረኝም። እኔም «እውነት ነው የተናገርኩት፣ ምን አጠፋሁ?» ብዬ አላናገርኩትም። ስምንት ወር።

ስምንት ወር ግድግዳ ለግድግዳ ሆኖ መኮራረፍ ሥራ ነው። እሱ ሲወጣ እኔ እቆያለሁ፤ እኔ ሳስል እሱ ሬዲዮ ይከፍታል። ወንዝ መውረዱን ግን ሁለታችንም አልተውንም፤ የቀረው ተሸናፊ እንዳይባል። ጋሽ አንዳርጌን መሀል አድርገን ወዲያና ወዲህ እንቀመጣለን። ቢላ ስፈልግ «አያ ፈንቴ፣ ያ ሰውዬ ቢላውን ቢያቀብል» እላለሁ። ፈንቴ «ያ ሰውዬ፣ ቢላ» ይላል። ጋሽ አንዳርጌ ዕርቅ ስለሚባል ነገር አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ሌሎቹ መምህራን ሽማግሌ ልከውብን ነበር፤ ሁለታችንም «እኔ ምንም ቂም የለኝም» ብለን ሸኘናቸው።

በዚህ መሀል የሙሉቀን ሚስት ትሩዬ ወንድ ልጅ ወለደች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከረረብኝ። ገና ትሩዬ ከማርገዟ በፊት ሙሉቀን «ወንድ ከሆነ ክርስትና የምታነሳው አንተ ነህ» ብሎኝ ነበር። አበልጅ ልንሆን ቃል ተገባብተን ነበር ማለት ነው። እኔ እዚያ አገር ወንድም የለኝም፣ ዘመድ የለኝም፤ ያቺ ቃል ምን እንደነበረች ለእኔ የማውቀው እኔ ነኝ። አሁን ልጁ በግድግዳው በኩል ሲያለቅስ እሰማለሁ፤ ገብቼ ግን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላልኩም። አርባ ቀኑ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ሙሉቀን የስፖርት መምህሩን ሊጠይቀው ነው ሲባል ሰማሁ። ያን ዓርብ ቤቴ ገብቼ ሳይመሽ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን አልነበረም። ተነስቼ በሩን ማንኳኳት ነበረብኝ። አላንኳኳሁም፤ ግትር ነኝ።

ማግስቱ የክረምቱ ውኃ ጎድሎ የመጀመሪያው የብር ወንዝ ቅዳሜያችን ነበር። ዓርብ ዕለት በመስኮቱ ጋሽ አንዳርጌ «ጨው ያንተ ነው» ብለውኛል።

ፈንቴ ከረፋዱ ጀምሮ ቀናው። ክረምቱን ሙሉ የተረሱት ዓሦች ተሰልፈው የሚጠብቁት ይመስሉ ነበር። ጋሽ አንዳርጌ «ዛሬ ረመጥ የለም፤ ሁሉም ወጥ ይሆናል» አሉ። ድስቱ ተጣደ፣ ቁሌቱ ደረሰ፣ ዓሣው ገባ። ከዚያ «እንጨት ላምጣ፤ ጨው የያዘ ይጨምር» ብለው ወደ ቁጥቋጦው ሄዱ። እንጨት ግን አጠገባቸው ክምር ነበር። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

ተነስቼ ጨዌን ጨመርኩ፤ ለዚያ ሁሉ ዓሣ ሦስት ማንኪያ ሙሉ። ከዚያ እጄን ልታጠብ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ስመለስ ሙሉቀን ከድስቱ አጠገብ ሲነሳ አየሁት፤ ክዳኑን ከፍቶ ያየ መሰለኝ። ምን አድርገህ ነው ብዬ እንዳልጠይቅ ደግሞ አንነጋገርም።

ጋሽ አንዳርጌ ሁለት ጭራሮ ይዘው ተመለሱ። ድስቱን አወረዱ፤ መረቁን መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ፤ ላሱ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከሌላው ቀን ይልቅ ቆዩ።

«ጨው አነሰው» አሉ።

«ጨምሬያለሁ እኮ» አልኩ።

«ጨምሬያለሁ እኮ» አለ ሙሉቀን፣ እኩል።

ተያየን። ከስምንት ወር በኋላ መጀመሪያ የተነጋገርነው ቃል ይኸው ነው።

«አንተ ጨው ውስጥ ምን አገባህ?» አልኩት። «ጨው የእኔ ነው። የታዘዝኩት እኔ ነኝ።»

«እኔን ነው ያዘዙኝ። ትናንት በመስኮቱ።»

«ታዲያ ስጨምር አላየህም?»

«አንተን ማየት ካቆምኩ ስምንት ወር ሆነኝ» አለኝ። «ደግሞስ የምታይ አንተ፤ ሰው ሲያረፍድ ብቻ ነው ዐይንህ የሚገለጥ።»

«አላረፈድክም? ዋሸሁ?»

«አርፍጃለሁ!» ብሎ ጮኸ። ሙሉቀን የሚጮህ ሰው አይደለም። «አርፍጃለሁ። ያን ሰሞን ትሩዬ ጽንሱ ይዟት፣ እህል አልቀመጥላት ብሎ ስታስመልስ ታድር ነበር። ጎህ ሲቀድ ቦኖ ተሰልፌ ውኃ አመጣለሁ፤ አጥሚት አጠጥቻት፣ አስተኝቻት ነበር የምወጣው። ግድግዳችን ጭቃ ነው፣ ደሳለኝ። አንተ ስታዛጋ እሰማለሁ። አንተ አልሰማህም?»

ፈንቴ መንጠቆውን አንስቶ ይመረምር ጀመር። ጋሽ አንዳርጌ ጭራሮዎቹን አንድ በአንድ ይሰብራሉ።

ሰምቼ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው። በየሌሊቱ ሰምቻታለሁ፤ ጀሪካኑ በሩ ላይ ሲጋጭም ሰምቻለሁ። ግምገማው ላይ ያንን ሁሉ እያወቅሁ ነው የተናገርኩት። ስምንት ወር ሙሉ «እውነት ነው የተናገርኩት» እያልኩ ራሴን የደለልኩት ይኸን ላለማሰብ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደቂቃ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

«ሰምቻለሁ» አልኩት። «እያወቅሁ ነው። አጠፋሁ፣ ወንድሜ።»

ሙሉቀን ጥርሱን ነክሶ ወንዙን ያያል። ጋሽ አንዳርጌ የቀረችውን ጭራሮ ሰበሩና እጃቸውን በፎጣው ጠረጉ።

«ጨረሳችሁ? እንግዲያው ቅረቡ፤ ወጡ ይቀዘቅዛል።»

እንጀራው ተዘረጋ፣ ወጡ ወጣ። መጀመሪያ የጎረሰው ፈንቴ ነው። ማኘኩን አቆመ። ዐይኑ ውኃ ሞላ። «መንጠቆዬን ውኃ ሳይወስደው» ብሎ ተነሳ፤ መንጠቆው ግን ጎኑ ነበር። እኔ ጎረስኩ። ወጥ አይደለም፣ አሞሌ ጨው ነው። ጋሽ አንዳርጌ ግን ግንባራቸው በላብ ወዝቶ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሰርገኛ ይመስል ይበላሉ። ቀና አይሉም። በመሀል ውኃ ይጠጣሉ፣ ደግመው ይጎርሳሉ።

ያን ጊዜ ሙሉቀን ጠቀለለ። ትልቅ አድርጎ፣ መረቁን አጥቅሶ፣ ከዓሣውም ከወገቡ በኩል አድርጎ ጠቀለለና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ጉርሻ አይመለስም። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጉርሻ ጎርሻለሁ፤ እንደዚያ የከበደ ግን አልገጠመኝም። እንባዬ መጣ፤ የጨው ይሁን የሌላ ለመለየት አልሞከርኩም።

«እሑድ ሳምንት ነው» አለኝ፣ እስክውጥ ጠብቆ። «ልጁን የምታነሳው አንተ ነህ። በጠዋት ነው። እንዳታረፍድ።»

መጀመሪያ የሳቀው ፈንቴ ነው፣ ከወንዙ ዳር። ከዚያ እኔ፤ መጨረሻ ላይ ሙሉቀን ራሱ። ዳገቱን ስንወጣ ውኃ እየጠጣን፣ ቆም እያልን፣ የስምንት ወር ወሬ በአንድ ቀን ልንጨርስ ሞከርን። ጋሽ አንዳርጌ ከኋላ ቀርተው ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ዳቦው በቦታው ተቆረሰ።

እሑድ ሳምንት ልጁን አነሳሁት። ከሁሉም ቀድሜ ነው ቤተ ክርስቲያን የደረስኩ፤ ቄሶቹም ገና አልመጡም ነበር። ልጁ ሲጠመቅ ሳይሆን እኔ እቅፍ ሲገባ ነው ያለቀሰ። ሙሉቀን «አበልጅ» ብሎ ሲጠራኝ እንዴት ብዬ እንደምመልስ ጠፍቶኝ «አቤት» አልኩት፤ እንደ ተማሪ።

ድግሱ ላይ ግን ጋሽ አንዳርጌ የሉም። ሳምንቱንም ሥራ አልገቡም ነበር። ከምግብ የቀሩበትን ቀን ማንም ስለማያስታውስ ደነገጥን። ሙሉቀንና እኔ ከየዓይነቱ በአገልግል አስሞልተን ቤታቸው ሄድን። እትዬ ውዴ በር ላይ ተቀበሉን፤ ወገባቸውን ይዘው።

«እናንተ ናችሁ አይደል? ምንድን ነው ያበላችኋቸው?» አሉን። «ክረምት ከገባ ጀምሮ ሐኪም ጨው ከልክሏቸው አራት ወር ሙሉ በአልጫ ጠብቄ ደህና አድርጌያቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ከቤት ቢወጡ እግራቸው አብጦ ተመለሱ!»

አንገታችንን ደፍተን ገባን። ጋሽ አንዳርጌ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል፤ እግራቸው በትራስ ከፍ ብሏል። እብጠቱ ተንፍሷል፤ ፊታቸው ደህና ነው። ሙሉቀንና እኔ ተያየን። አሁን ሁሉም ነገር ገባን፤ ለሁለታችንም የታዘዘው ጨው፣ አጠገብ እያለ የተፈለገው እንጨት፣ «አነሰው» ያሉት ወጥ።

«ጋሽ አንዳርጌ» አለ ሙሉቀን፣ «እኛን ለማስታረቅ ብለው ራስዎን እንዲህ ያደርጋሉ?»

ጋሽ አንዳርጌ ግራ የተጋቡ መሰሉ። አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። እትዬ ውዴ ወደ ማድቤት መሄዳቸውን አንገታቸውን አስግገው ካረጋገጡ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እናንተን ለማስታረቅ?» አሉ። «ልጆቼ፣ አራት ወር አልጫ በልቻለሁ። ለሁለት ሰው ያዘዝኩት አንዳችሁ ብትረሱት ብዬ ነው።»

ከዚያ አገልግሉን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ክዳኑን ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ ፎጣውን ጉልበታቸው ላይ አነጠፉ።

«በሉ አንዳችሁ በሩን ጠብቁልኝ» አሉን።

ሁለታችንም ተነስተን በሩ ላይ ቆምን።